ዕድሜ ልክ እስራት እና የሕግ መለወጥ፦ በጎጃም የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ ስንቅ ይዘው የማረሚያ ቤት ተራ በሚጠብቁ ቤተሰቦች መካከል «አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ የዕድሜ ልክ ፍርድ ሁሉ እንደገና ሊታይ ነው» የሚል ወሬ በየጊዜው ይነሣል። ወሬውን አምኖ በሬ የሚሸጥና ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ለሚል ሰው ገንዘብ የሚያስረክብ ገበሬ መኖሩ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ሕጉ የሚለውን መለየት ያስፈልጋል።

«ዕድሜ ልክ ማለት ሃያ አምስት ዓመት ነው።»

አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 108 የጽኑ እስራትን መጠን ከ1 እስከ 25 ዓመት ይወስንና፣ በሕግ በግልጽ በተደነገገ ጊዜ ግን ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ 25 ዓመት በዓመት የሚቆጠር እስራት ጣሪያ ነው። ሰውን የሚያምታታው ሌላው ቁጥር 20 ነው። በአንቀጽ 202 መሠረት ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ፣ በሚመለከተው አካል አሳሳቢነት ወይም በራሱ አመልካችነት፣ ፍርድ ቤት በአመክሮ እንዲፈታ ሊያዝለት ይችላል። ይህ የሚሆነው እስረኛው በሥራውና በጠባዩ በእርግጥ መሻሻሉን ሲያሳይ፣ ያደረሰውን ጉዳት በሚችለው መጠን ሲክስ፣ ከተፈታም በኋላ መልካም ጠባይ እንደሚኖረው የሚያሳምን ሁኔታ ሲኖር ነው። ሃያው ዓመት ሞላ ማለት በሩ ተከፈተ ማለት አይደለም፤ ማንኳኳት ተፈቀደ ማለት ነው። ቅጣቱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚፈጸምበት መንገድ ነው።

«የቆየ ፍርደኛን አዲስ ሕግ አይነካውም» ወይም «አዲስ ሕግ ከወጣ ፍርዱ በራሱ ይቀንሳል።»

ሁለቱም ስሕተት ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 22 ማንም ሰው ድርጊቱ ሲፈጸም ከነበረው የከበደ ቅጣት እንዳይወሰንበት ይከለክላል፤ በኋላ የወጣው ሕግ ለተከሳሹ ወይም ለተቀጣው ሰው የሚጠቅም ሆኖ ከተገኘ ግን ተፈጻሚ እንዲሆን ያዝዛል። ስለዚህ ከበድ ያለ ሕግ ወጣ ብሎ የሚሰጋ ፍርደኛ ስጋቱ መሠረት የለውም። የሚጠቅም ሕግ መውጣቱ ደግሞ መዝገቡን በራሱ አያስከፍተውም፤ የቀድሞውንና አዲሱን ሕግ ፍርደኛው በተቀጣበት የወንጀል ድንጋጌ ረገድ አነጻጽሮ፣ የፍርዱን ግልባጭ አያይዞ በጽሑፍ የሚያመለክት ሰው ያስፈልጋል።

ንጽጽሩም ሁልጊዜ ተስፋ የተደረገበትን አያመጣም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሲተካ ብዙ ድንጋጌዎችን ቢያሻሽልም፣ በአሮጌው ሕግ አንቀጽ 522 ለከባድ የሰው ግድያ የተቀመጠው የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም የሞት ቅጣት በአዲሱ አንቀጽ 539 ውስጥም አለ። በዚህ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ሕጉ መተካቱን ብቻ ይዞ ቢያመለክት ይህ ነው የሚባል መከራከሪያ አይኖረውም።

«ቅጣቱ እንደገና ሲታይ ጥፋተኝነቱም ይነሣል።»

ቅጣትን እንደገና መወሰን የሚያነሣው ጥያቄ የቅጣቱን ልክ እንጂ ሰውየው አድርጓል ወይስ አላደረገም የሚለውን አይደለም። ያን የሚመለከቱት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ሲባልም ሰበር ሰሚው ችሎት ናቸው።

«በውጭ አገር ዕድሜ ልክ ቀርቷል፤ እኛም ጋ ይቀራል።»

በስልክ የሚዘዋወረው ይህ ወሬ ከፊል እውነት ስላለው ይበልጥ ያሳስታል። በኬንያ ጉዳዩ ዕድሜ ልክ ሳይሆን የሞት ቅጣት ነበር፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በነፍስ ግድያ ላይ የነበረው አስገዳጅ የሞት ቅጣት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚቃረን በመወሰኑ ፍርደኞች ቅጣታቸው እንደገና እንዲታይ ማመልከት ችለዋል፤ በ2021 ግን ውሳኔው ነፍስ ግድያን ብቻ እንደሚመለከት ያው ፍርድ ቤት አብራርቷል። በማሌዥያ በ2023 በወጣ ሕግ እስከ ሕይወት ፍጻሜ የሚዘልቀው እስራት ከ30 እስከ 40 ዓመት በሚደርስ እስራት ተተክቷል፤ የታሰሩትም ለፌዴራሉ ፍርድ ቤት እንዲያመለክቱ የተወሰነ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። በሁለቱም አገሮች ለውጡ የመጣው በራሳቸው ፍርድ ቤት ውሳኔና በራሳቸው ሕግ ነው፤ የደብረ ማርቆስን ወይም የባሕር ዳርን ዳኛ አያስገድድም።

«ደም ከደረቀ መንግሥት ይፈታዋል።»

በጎጃም ሽማግሌዎችና ካህናት ገብተው የገዳይንና የሟችን ወገን ማስታረቃቸው ተበቃይነትን የሚያቆም ትልቅ ሥራ ነው፤ ይህን የሚያቃልል የሕግ ባለሙያ አገሩን አያውቅም። ይሁን እንጂ እርቅ ፍርድን አይሽርም። የሚረዳው በሌላ በኩል ነው፦ ካሳ መከፈሉ አንቀጽ 202 ከሚጠይቀው ጉዳትን የመካስ ግዴታ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ስለዚህ ቤተሰቡ የእርቁን ስምምነት በቃል ብቻ መተው የለበትም፤ የተከፈለው መጠን፣ ቀኑ፣ የሟች ወገን መቀበሉና የሽማግሌዎቹ ፊርማ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ አንድ ቅጂው ሃያው ዓመት ሲሞላ ከአመክሮ ማመልከቻው ጋር እንዲያያዝ ከአሁኑ መቀመጥ አለበት።