በዕቃ የተከፈለ የጦርነት ካሳ
ጃፓን ለበርማ (ለዛሬዋ ምያንማር) 200 ሚሊዮን ዶላር የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካሳ ከፈለች ሲባል ብዙ ሰው ገንዘቡ በያኔዋ ዋና ከተማ በራንጉን ባንክ የገባ ይመስለዋል። አልገባም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተፈረመው ስምምነት ካሳው በ10 ዓመት ውስጥ በጃፓን ዕቃና በጃፓናውያን ሙያ እንዲከፈል ይላል። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ቶኪዮ የተቀመጠው የበርማ ልዑክ የሚያስፈልገውን መርጦ ከጃፓን ኩባንያ ጋር ይዋዋላል፤ ሒሳቡን የጃፓን መንግሥት በየን ይሸፍናል። ዶላሩ መለኪያ ብቻ ነበር። የባሉቻውንግ የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ለከፋዩም ቢሆን ክፉ ንግድ አልነበረም፤ የውጭ ምንዛሪ የቸገራት ጃፓን ዶላር ሳታወጣ ለፋብሪካዎቿ ሥራ፣ ለዕቃዎቿም ገበያ አገኘች። በ1956 ፊሊፒንስም ተመሳሳይ ውል ፈረመች፤ የእሷ 550 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የመክፈያ ጊዜው 20 ዓመት ነበር።