ተፈጥሯዊው የሰውነት መከላከያ፦ ሕዋሳት ጀርምን የሚለዩበትና የሚያጠፉበት መንገድ

ስለ በሽታ መከላከል ሲወራ ቀድመው የሚነሡት ክትባትና ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። ፀረ እንግዳ አካላቱ የሚመነጩበት የመከላከያ ክፍል ለአዲስ ጀርም ተስማሚ መሣሪያ እስኪያዘጋጅ ቀናት ይፈጅበታል። በዚያ መሃል ሰውነትን የሚጠብቀው አብሮን የሚወለደው መከላከያ ነው፤ ውለታው ግን እምብዛም አይወሳለትም።

ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኤሊ ሜችኒኮቭ በ1882 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኢጣሊያ መሲና ከተማ ሳለ በባሕር ኮከብ እጭ ላይ እሾህ ሰክቶ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ሲከቡት ተመለከተ። ሕዋሳት ባዕድ ነገርን ውጠው ያጠፋሉ የሚለው ሐሳቡ በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ሕዋሶቹ ባዕዱን በምን ያውቁታል የሚለው፣ በእኔ ግምት ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ፣ መልስ ያገኘው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በ1989 አሜሪካዊው ተመራማሪ ቻርልስ ጄንዌይ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ሕዋሳቱ የሚፈልጉት እያንዳንዱን ጀርም ለይተው ሳይሆን፣ ብዙ ጀርሞች የሚጋሩትንና በሰው አካል የማይገኘውን ምልክት ነው። ከባክቴሪያዎች የከፊሎቹን ውጫዊ ሽፋን የሚሠራው የስብና የስኳር ውሁድ አንዱ ነው፤ ባክቴሪያ የሚዋኝበት ጭራ ፕሮቲንም ሌላው። ጀርሙ ያለ እነዚህ መኖር ስለሚከብደው በቀላሉ ሊለውጣቸው አይችልም። በ1996 የዡል ሆፍማን ቡድን ቶል የተባለው ዘረመል የተበላሸባቸው ዝንቦች በፈንገስ እንደሚያልቁ አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ብሩስ ቦይትለር ተመሳሳዩን ተቀባይ፣ ማለትም የጀርምን ምልክት የሚለይ የሕዋስ ፕሮቲን፣ በአይጥ ላይ አገኘ። በሰው ላይ 10 የዚህ ዓይነት ተቀባዮች ይታወቃሉ። ገሚሶቹ የሕዋሱን ውጫዊ ገጽ ይጠብቃሉ፤ የጀርሞችን አርኤንኤና ዲኤንኤ የሚለዩት ደግሞ ሕዋሱ የዋጠው ነገር በሚገባባቸው ከረጢቶች ውስጥ ናቸው። ይህ አቀማመጥ ሕዋሱ የራሱን ዲኤንኤ በጠላትነት እንዳይፈርጅ ይረዳል።

ምልክቱ ሲታወቅ፣ በሳንባ፣ በጉበትና በሌሎች አካላት የሰፈሩት ማክሮፌጆች የተባሉ ጀርም ዋጭ ሕዋሳት የጥሪ ኬሚካል ይለቃሉ። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። ከደም ኒውትሮፊሎች የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይጎርፋሉ። ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ መግል የምንለው በአብዛኛው የእነርሱ ሬሳ ነው። የተዋጠው ጀርም በከረጢት ይዘጋበትና አሲድ፣ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችና ከኦክስጅን የተሠሩ መርዞች ይወርዱበታል። ከመርዞቹ አንዱ በልብስ ማንጪያ ፈሳሽ ውስጥ ከሚገኘው ክሎሪን አዘል ውሁድ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። እነዚህን መርዞች ማምረት የማይችሉ ሕፃናት ሥር የሰደደ ግራኑሎማ በሚባል የዘር በሽታ ይሠቃያሉ፤ ሕዋሳታቸው ጀርሙን ይውጡታል እንጂ ብዙዎቹን መግደል ያቅታቸዋል። ኒውትሮፊሎች ሲሞቱ የራሳቸውን ዲኤንኤ እንደ መረብ ዘርግተው ጀርም እንደሚይዙም በ2004 ታውቋል።

በቫይረስ የተያዘን ሕዋስ የሚገድሉት ሌሎች ናቸው፤ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ይባላሉ። ጤነኛ ሕዋስ በገጹ ላይ የሚያሳየው የማንነት ፕሮቲን ሲጎድል ይጠራጠራሉ፤ ብዙ ቫይረሶች ለመደበቅ ሲሉ የሚሰውሩትም ይህንኑ ፕሮቲን ነው።

ሥርዓቱ ግን የሚያመልጠው አለ። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ፣ የዋጠው ማክሮፌጅ ከረጢቱን ከአሲዱና ከኢንዛይሙ ጋር እንዳያዋሕድ አግዶ፣ በገዳዩ ሆድ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ምላሹ ከልክ ሲያልፍም ጉዳት አለው፦ ጀርሙ በደም ተሠራጭቶ ማንቂያው በመላ ሰውነት ሲጮኽ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊትና ሳንባ ሥራ ያቆማሉ፤ ሐኪሞች ሴፕሲስ የሚሉት ይህንን ነው።