ሴቭ ፖይንት ምንድን ነው?

ሴቭ ፖይንት በጌሙ ዓለም ውስጥ የተወሰነ ቦታ ላይ የተቀመጠ ምልክት ነው፤ ጨዋታውን ሴቭ ማድረግ፣ ማለትም የደረሱበትን ማስቀመጥ፣ በአብዛኛው የሚቻለው እሱ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው። በድሮዎቹ የኮንሶል አርፒጂዎች፣ ማለትም ታሪክ እየተከተልን፣ ጠላት እያሸነፍን የገጸ ባሕርያቱን ሌቭል በምናሳድግባቸው ጌሞች፣ እዚያ ሳይደርስ የሞተ ሰው ድካሙን ሁሉ ውሃ በላው።

ሰሞኑን ፋይናል ፋንታሲ 7ን በስልኬ ላይ እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ1997 ለፕሌይስቴሽን 1 ሲወጣ ሦስት ሲዲ ነበር። ገና በመጀመሪያው ተልዕኮ ዋናው ገጸ ባሕርይ ክላውድና ጓደኞቹ ሪአክተር ሊያፈነዱ ይገባሉ፤ ቦምቡ ከሚጠመድበት ቦታ በፊት አንዲት ሴቭ ፖይንት አለች። ቀጥሎ የሚጠብቃቸው ጊንጥ የሚመስል ግዙፍ ማሽን ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሰዓት እየቆጠረባቸው ሮጦ መውጣት። የለመደ ተጫዋች ሴቭ ፖይንቷን ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ወዲያው ደግሞ ይጠረጥራል፤ ያለ ምክንያት እዚያ አላስቀመጧትማ።

እንዲህ ዓይነቱ ጌም ለእኛ ሠፈር የሚሆን አልነበረም። የፒያሳ ፕሌይስቴሽን ቤቶች (ሠፈሩ ራሱ በኮሪደር ልማቱ ብዙው ፈርሷል) የሚተዳደሩት በእግር ኳስ ጌሙ በዊኒንግ ኢለቨን ነበር፦ ሁለት ልጅ፣ አንድ ግጥሚያ፣ የተሸነፈ ይነሣል፣ ቀጣይ። አርፒጂ የጀመረ ልጅ ግን አንድ ቲቪ ለብቻው ይዞ ይቀመጣል። ከኋላው ተራ የሚጠብቁት “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ጽሑፍ ብቻ!” ይሉታል። ባለቤቱ “ሰዓትህ ሞልቷል፣ ተነሣ” ሲለው “እሺ ጋሼ፣ ሴቭ ላድርግና” ይላል፤ ሴቭ ፖይንቷ ያለችው ግን ከዋሻው ማዶ ነው። ለመድረስ በሮጠ ቁጥር ስክሪኑ ይሽከረከርና ሌላ ውጊያ ይከፈትበታል። እንዲህ ሲታገል መብራት ይሄዳል። ኳስ ሲጫወቱ የነበሩት አንድ ግጥሚያ ነው የቀረባቸው፤ እሱ ግን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ አጣ።

ሴቭ ያደረገውም ቢሆን ዋስትና የለውም። የፕሌይስቴሽን 1 ሜሞሪ ካርድ የሚይዘው 128 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ለተጫዋቹ የሚተርፉት 15 ብሎኮች (የማስቀመጫ ክፍሎች) ናቸው። ካርዱ የቤቱ ነው፣ ስለዚህ የሁሉም ነው። ቦታ ሲሞላ አንዱ የማያውቀውን ስም ያይና ያጠፋዋል፤ ማን እንዳጠፋው ተጠይቆ ያመነ ልጅ አይቼ አላውቅም።

ለመሆኑ የትም ቦታ ሴቭ ማድረግ ለምን አልተፈቀደም? አንዱ ምክንያት የማስቀመጫ ቦታ ማነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በኒንቴንዶው ኮንሶል በፋሚኮም የወጣው የመጀመሪያው ድራጎን ክዌስት የተባለው አርፒጂ ከነጭራሹ ሴቭ አልነበረውም፤ ተጫዋቹ 20 የጃፓን ፊደላት ያሉት የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ገልብጦ በሚቀጥለው ጊዜ መልሶ ያስገባ ነበር። በሁለተኛው ክፍል ቃሉ እስከ 52 ፊደል ደረሰ፤ አንዷን ያሳሳተ ቀረ። በ1988 ሦስተኛው ክፍል ሲወጣ ነው ካሴቱ ውስጥ ባትሪ ገብቶ ማስታወስ የጀመረው። ፕሌይስቴሽን ሲመጣ ደግሞ ሲዲ ላይ መጻፍ ስለማይቻል ካርዱ ለብቻው ሆነ።

በዚያች ትንሽ ቦታ የሚጻፈው የገጸ ባሕርያቱ ሌቭል፣ የያዙት ዕቃ፣ ገንዘባቸው፣ ታሪኩ የደረሰበትና የቆሙበት ቦታ ነው። በውጊያ መሃል ጠላት ስንት ጉልበት እንደቀረው፣ የማን ተራ እንደሆነ፣ የትኛው እሳት በአየር ላይ እንዳለ መመዝገብ አያስፈልግም፤ ምክንያቱም ሴቭ ፖይንት ላይ ውጊያ የለም።

ጌም ሠሪዎቹ ግን ይህን እጥረት ወደ ሕግ ለወጡት፤ ለእኔ ዋናው ነገር ይኼ ነው። በፋይናል ፋንታሲ 7 ትልቁ ካርታ ላይ ሲሆኑ ከሜኑ በፈለጉበት ሴቭ ማድረግ ይቻላል። ማሽኑ አልከለከለም ማለት ነው። ዋሻ ወይም ሕንፃ ውስጥ ሲገቡ ግን ይዘጋል፤ ድንኳን ተክሎ ጉልበት መመለስም በሴቭ ፖይንት ላይ ብቻ ይሆናል። እንዲያውም በመጨረሻው ጉድጓድ አንድ የሴቭ ክሪስታል ይሰጥዎትና የት እንደሚተክሉት እርስዎ ይወስናሉ። አንዴ ከተተከለ አይነሣም። ቶሎ ቢተክሉት ወደ ታች የሚወስደው ረጅም መንገድ ያለ ማረፊያ ይቀራል፤ ቆይቼ ልትከል ቢሉ ሳይተክሉት መሞት አለ። የዋሻው ርቀት አስፈሪ የሚሆነው በዚህ ሕግ ነው፤ ጠላቶቹማ ብዙዎቹ ደካሞች ናቸው።

ዛሬ በኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮ ኮንሶል ጌሞችን በስልክ ወይም በኮምፒውተር በሚያጫውት ፕሮግራም፣ የምንጠቀመው ሴቭ ስቴት የሚባለው ሌላ ነገር ነው። እሱ የማሽኑን ሜሞሪ እንዳለ ይገለብጣል፦ 2 ሜጋባይት ዋናው፣ 1 ሜጋባይት የምስሉ፣ 512 ኪሎባይት የድምፁ። ተደምሮ 3.5 ሜጋባይት ይሆናል፤ ያኔ ቢሞከር አንድ ሴቭ ብቻ 28 ሜሞሪ ካርድ በሞላ ነበር። በእሱ ውጊያ መሃል ማስቀመጥ ይቻላል፣ ሲሸነፉም ወዲያው መመለስ። እኔ ግን ጊንጡ ጋ ስደርስ ተጠቅሜበት ጌሙ ወዲያው ቀለለብኝ፤ ከዚያ ወዲህ የምነካው ስልክ ሲደወል ወይም ታክሲ ውስጥ ስሆን ነው።

እንደገና ለመጫወት ያሰበ ሁለቱንም ቢጠቀም ጥሩ ነው። ኢሙሌተሩ አፕዴት ሲደረግ የድሮው ሴቭ ስቴት አልከፈት ሊል ይችላል። በሴቭ ፖይንቷ ያስቀመጡት ግን 128 ኪሎባይት በሆነች የሜሞሪ ካርድ ፋይል ውስጥ ስለሚገባ፣ ፋይሏን ገልብጦ ወደ ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር መውሰድ ይቻላል።