ፋይበር ምንድን ነው? መጥረጊያ ግን አይደለም

ሰሞኑን አንዱ በቪዲዮ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ጠዋት በባዶ ሆዳችሁ አንድ ማንኪያ ተልባ ጠጡ። ፋይበሩ አንጀታችሁ ላይ የተለጠፈውን ቆሻሻ ሙልጭ አድርጎ ይጠርገዋል።» ይህን አባባል ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ። ተልባው ምንም አላጠፋም፣ ጠጡት። እኔን የምታበሳጨኝ «ይጠርገዋል» የምትለዋ ናት።

መጀመሪያ ነገር፣ አንጀት ላይ ለዓመታት ተለጥፎ የኖረ ቆሻሻ የለም። የአንጀት የውስጥ ሽፋን ሕዋሳቱን ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀይራል። ሰውዬው ሊጠርግ የመጣው ቤት ራሱን እያጸዳ ነው።

ጥፋቱ በከፊል የእኛ የሥነ ምግብ ባለሙያዎችም ነው። ፋይበርን «አሰር» ብለን ተረጎምነው። አሰር ሲባል ቶሎ የሚታወሰው አሰር ገሰር ነው፣ ከአውድማ ተጠርጎ የሚጣለው። ስለዚህ ሰው ፋይበርን ዝም ብሎ ገብቶ የሚወጣ ገለባ አድርጎ ያስበዋል። ፋይበር ማለት ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት የምናገኘው፣ ሰውነታችን ራሱ ሊፈጨው የማይችለው ክፍል ነው። ጨጓራና ትንሹ አንጀት እንደማይፈጩት እውነት ነው። ዋናው ነገር የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ትልቁን አንጀት እንደ ቡሃቃ አስቡት። እርሾው እዚያ የሚኖሩት በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ዱቄቱ ደግሞ እኛ ያልፈጨነው የምስር፣ የገብስ፣ የሽሮ ፋይበር። ባክቴሪያዎቹ ያብላሉታል፣ ሊጡ ይቦካል። አረፋ ይወጣዋል (አረፋው በጾም ሰሞን በየት በኩል እንደሚወጣ ለማንም አልነግርም)። ይኮመጥጣልም። ከሚወጡት አሲዶች አንዱ ቡቲሬት ይባላል፤ የትልቁ አንጀት ሕዋሳት አብዛኛውን ጉልበት የሚያገኙት ከእሱ ነው። ዱቄት ሲጠፋስ? በአይጦች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ፋይበር ያጡ ባክቴሪያዎች አንጀቱን የሚሸፍነውን ንፍጥ መብላት ጀምረዋል። እርሾ ቡሃቃውን ሲበላ እንደማለት ነው። አዎ፣ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ተንገዳገደ፤ ቡሃቃዋን እርሾ የበላባት ሴት አላውቅም።

«ፉርሽካስ አይጠርግም?» የሚለኝ አይጠፋም። ፉርሽካ ብዙም አይብላላም። ውሃ ይዞ ሰገራን ያበዛል፣ ያለሰልሳል፣ ጉዞውን ያፋጥናል። ለድርቀት ግሩም ነው። ይህን መጥረግ ካላችሁት አልጣላችሁም። ግን ፋይበር ሁሉ ፉርሽካ አይደለም። የተዘፈዘፈ ተልባ ወይም አብሽ ሲዝለገለግ አይታችኋል አይደል? ያ ዝልግልግ ነገር ሆድ ውስጥም እንደዚያው ሆኖ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። በገብስና በአጃ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የሚባል ዝልግልግ ፋይበር ደግሞ በቀን 3 ግራም ሲደርስ መጥፎውን ኮሌስትሮል ይቀንሳል። በዝልግልግ ነገር ቤት የሚጠርግ ሰው ካለ አሳዩኝ።

ደግሞስ አንድ ማንኪያ ምን ያህል ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ይመክራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ 3 ግራም እንኳ አይሞላም። የቀረው ከምሳና ከእራት መምጣት አለበት፤ ከምስሩ፣ ከጎመኑ፣ ከባቄላው፣ ከቆሎው። እናቴ ቆሎዋን ስትቆረጥም የማንንም ቪዲዮ አላየችም።

ካነሳሁት አይቀር፣ በሥራዬ ሁልጊዜ የምለውን ልጨምር። ፋይበር በአንድ ቀን አይጨመርም፤ ቀስ በቀስ፣ ከብዙ ውሃ ጋር ነው። ደረቅ ተልባ ያለ ውሃ መቃም አደጋ አለው። አንጀቱ የጠበበ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። የታይሮይድ ክኒን የሚወስድ ሰውም ክኒኑንና ተልባውን አብሮ አይዋጥ፣ መድኃኒቱ በደንብ ላይሰርግ ይችላል። የሕፃን ገንፎ ላይ ደግሞ እባካችሁ ፉርሽካ አትጨምሩ። ሆዱ ትንሽ ናት፤ በፉርሽካ ከሞላች ለሚያሳድገው ምግብ ቦታ አይተርፍም።