በርድ የዋልታና የአየር ንብረት ምርምር ማዕከል (ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

ኦሃዮ የበቆሎና የአኩሪ አተር አገር ናት። ባሕር የላትም፣ ረጅም ተራራም የላትም። ከደቡብ ዋልታ ከ14 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሆኖም ኮሎምበስ ከተማ፣ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ምዕራብ ካምፓስ፣ ስኮት ሆል በሚባል ሕንፃ ውስጥ ከግሪንላንድ፣ ከአንታርክቲካ፣ ከቲቤት፣ ከፔሩና ከኪሊማንጃሮ የመጣ በረዶ ተቀምጧል። ባለቤቱ በርድ የዋልታና የአየር ንብረት ምርምር ማዕከል ነው። ስሙ ከእኛ «ብርድ» ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፤ በርድ የሰው ስም ነው። ኮሎምበስ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ከተማ ናት። ስለ ማዕከሉ ግን በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ በእጄ ያለውን ሰብስቤ እነሆ ብያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አመሠራረት

የተቋቋመው በ1960 ሲሆን የመጀመሪያ ስሙ የዋልታ ጥናት ኢንስቲትዩት ነበር። መነሻው በ1957 እና 1958 የተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው። ያኔ ብዙ አገሮች አንታርክቲካ ላይ ጣቢያ ከፍተው ስለነበር፣ የተሰበሰበውን የበረዶ መረጃ ቁጭ ብሎ የሚያጠና ቤት አስፈለገ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ጂኦሎጂስቱ ሪቻርድ ጎልድትዌይት ነበሩ።

1969

ይህ ዓመት ለብቻው ይነገር። እስከዚያ ድረስ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሴት ተመራማሪዎችን ወደ አንታርክቲካ አይወስድም ነበር። ያንን በር የከፈተው ከዚሁ ኢንስቲትዩት የሄደ የአራት ሴቶች ቡድን ነው። መሪዋ ጂኦኬሚስቷ ሎይስ ጆንስ ነበረች። አብረዋት ኢሊን ማክሴቬኒ፣ ኬይ ሊንድሲና ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የነበረችው ቴሪ ቲክሂል ነበሩ። ሥራቸው አንታርክቲካ ውስጥ ባሉት፣ በረዶ በማይሸፍናቸው ደረቅ ሸለቆዎች የድንጋይና የውሃ ናሙና መሰብሰብ ነበር። ኅዳር ላይ፣ ኖቬምበር 12 ቀን፣ ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ሆነው ደቡብ ዋልታ ደረሱ። ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ ስድስቱም ክንድ ለክንድ ተያይዘው እኩል ረገጡ፤ ማን ቀደመች የሚል ጥያቄ እንዳይነሳ። ሴት ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ታሪክ ለልጁ ይንገራት።

በዚያው ወቅት የኢንስቲትዩቱ ጂኦሎጂስት ዴቪድ ኤሊዮት የነበሩበት ቡድን አንታርክቲካ ውስጥ የሊስትሮሶረስ ቅሪተ አካል አገኘ። ሊስትሮሶረስ ከዳይኖሰሮች በፊት የኖረ፣ ዕፅዋት የሚበላ፣ የየብስ እንስሳ ነው። ደቡብ አፍሪካና ሕንድም ውስጥ ተገኝቷል። ውቅያኖስ ዋኝቶ ሊሻገር አይችልም። ስለዚህ አህጉራቱ አንድ ጊዜ አንድ መሬት ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ ማዕከሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የዋልታ ድንጋዮች ማከማቻ አለው፤ ለአስተማሪዎችም ድንጋይ በሣጥን አድርጎ ያውሳል። ልጅ የአንታርክቲካን ድንጋይ እጁ ላይ ሲይዝ ትምህርቱ ከመጽሐፍ ወጥቶ እውነት ይሆንለታል።

ሪቻርድ በርድ ማን ናቸው?

የባሕር ኃይል መኮንንና በራሪ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው የግል ወረቀቶቻቸውን በ1985 ተረከበ፣ ኢንስቲትዩቱም በ1987 በስማቸው ተጠራ። «የአየር ንብረት» የሚለው የተጨመረው በ2014 ነው። በርድ በኖቬምበር 1929 በደቡብ ዋልታ ላይ መብረራቸው አያጠያይቅም። የሰሜኑ ግን ሌላ ነው። ሜይ 9 ቀን 1926 ከፍሎይድ ቤኔት ጋር ሰሜን ዋልታ ደርሰው መመለሳቸውን ተናገሩ። ነገር ግን በ1996 እዚሁ ወረቀቶች መሀል የተገኘው የበረራ ማስታወሻቸው ተፍቀው ግን የሚነበቡ ቁጥሮች አሉበት፣ እነሱም ከኋላ ከቀረበው ሪፖርት ጋር አይገጥሙም። አልደረሱም የሚሉ አሉ፣ ደርሰዋል ወይም በጣም ተጠግተዋል የሚሉም አሉ። እኔ የምለው፣ በራሱ ስም አባት ላይ ጥያቄ የሚያስነሳ ሰነድ አክብሮ ያስቀመጠና ለሕዝብ የከፈተ ቤት ሊመሰገን ይገባዋል።

ለተማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት

ልጆች ስለ ዋልታ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ፔንግዊንና ስለ ነጭ ድብ ነው። ሁለቱን በአንድ ሥዕል ላይ አይተው ስለሚያውቁ ጎረቤት ይመስሏቸዋል። ነጭ ድብ ያለው በሰሜን ብቻ ነው፣ ፔንግዊን ደግሞ በደቡብ ንፍቀ ክበብ። ሰሜኑ በየብስ የተከበበ ውቅያኖስ ነው። ደቡቡ በውቅያኖስ የተከበበ የብስ ነው። ይህች አንዲት ልዩነት ከገባቻቸው ብዙው ነገር ይከተላል። ነጭ ድብ «ሲል» (seal) የሚባለውን የባሕር እንስሳ የሚያድነው በባሕር በረዶ ላይ ቆሞ ነው፤ በረዶው ቀድሞ ሲቀልጥ የአደን ጊዜው ያጥራል። ንጉሠ ነገሥት (emperor) የሚባለው ፔንግዊን ደግሞ እንቁላል የሚጥለው ክረምት ላይ ነው። አባትየው እንቁላሉን እግሩ ላይ አድርጎ ሁለት ወር ገደማ ሳይበላ ይቆማል።

በእርግጥ ማዕከሉ ውስጥ እንስሳ የለም። ለዚያ የኮሎምበስ መካነ እንስሳት በ2010 የነጭ ድቦች ሥፍራ ከፍቷል። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ በ2008፣ በዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት ወቅት፣ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን ነፃ መጽሔት ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ ዋልታን ከፔንግዊንና ከድብ ባሻገር እንዲያስተምሩ፣ ንባብንም ከሳይንስ ጋር እንዲያያይዙ።

ብዙ መምህራን የሚሠሯቸው ሁለት ሙከራዎች አሉ፤ ቤት ውስጥም ይሆናሉ። አንደኛው የሞራ ጓንት ነው። በሁለት ፕላስቲክ ከረጢት መሀል የረጋ ቅባት ይሞላል፣ ልጁ እጁን እዚያ ውስጥ ከትቶ በበረዶ ውሃ ይነክራል። ሌላው እጁ ባዶውን ይነከራል። ባዶው ቶሎ ይወጣል። «ሲል» የተባለው እንስሳ በዚያ ብርድ እንዴት እንደሚኖር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ሁለተኛው የሁለት ብርጭቆ ሙከራ ነው። በአንዱ በረዶው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። በሌላው ከውሃው በላይ ብቅ ባለ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። የውሃው ልክ ምልክት ተደርጎበት ይጠበቃል። የተንሳፈፈው ሲቀልጥ ውሃው ከፍ አይልም፣ ድንጋዩ ላይ የነበረው ሲቀልጥ ግን ይላል። የባሕር ከፍታን የሚጨምረው የየብስ በረዶ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ የጆን መርሰር ስም ይነሳል። የኢንስቲትዩቱ ተመራማሪ መርሰር በ1978 ባወጡት ጽሑፍ፣ የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ጭስ ምዕራብ አንታርክቲካን ሊያቀልጥ፣ ባሕሩንም 5 ሜትር ገደማ ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል አስጠነቀቁ። የመጀመሪያው ምልክት ከአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ዳር ያሉት ተንሳፋፊ በረዶዎች መፈራረስ እንደሚሆንም ጻፉ። ያኔ ብዙ ሰሚ አላገኙም። ኋላ ግን ከእነዚህ ተንሳፋፊ በረዶዎች ላርሰን ኤ የተባለው በ1995፣ ላርሰን ቢ የተባለው በ2002 ተሰባበሩ። መርሰር ይህን ሳያዩ ነው ያረፉት።

ፍሪዘሩ

የጉብኝቱ ልብ ይህ ነው። ክፍሉ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ ነው። መደርደሪያው ላይ በብርማ ቱቦ የታሸጉ የበረዶ ዘንጎች ተደርድረዋል፤ ከግግር በረዶ አናት ወደ ታች እየተቦረቦሩ የወጡ ናቸው። ለልጆች ለማስረዳት ቀላሉ መንገድ መሶብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ ነው። ከታች ያለው ቀድሞ የተጋገረው ነው። በየዓመቱ የሚወርደው በረዶም እንዲሁ ይደራረባል፣ እንደ እንጀራ ዓይን የመሰሉ ጥቃቅን የአየር አረፋዎችም ውስጡ ይቀራሉ። አቧራው የድርቁን፣ አመዱ የእሳተ ገሞራውን፣ አረፋው የዘመኑን አየር ይናገራል።

ይህን ክምችት በዋናነት የገነቡት ባልና ሚስቱ ሎኒ ቶምፕሰንና ኤለን ሞስሊ ቶምፕሰን ናቸው። ሎኒ የዌስት ቨርጂኒያ ልጅ ናቸው፣ የመጡትም የድንጋይ ከሰል ጂኦሎጂ ሊማሩ ነበር። በ1974 ከመርሰር ጋር ፔሩ ውስጥ ወዳለው ኬልካያ ግግር በረዶ ወጡ። በ1979 መሰርሰሪያ በሄሊኮፕተር ለማውጣት ሞከሩ፣ ከፍታው ስለከለከለ አልሆነም። በ1983 በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መሰርሰሪያ ይዘው ተመለሱና 1,500 ዓመት ገደማ የሚናገር በረዶ አወጡ። በረዶውን ሳይቀልጥ ማውረድ ስላልቻሉ እዚያው ቆራርጠው፣ አቅልጠው፣ በጠርሙስ አመጡት። ኤለን ደግሞ ግሪንላንድና አንታርክቲካ ላይ ቡድኖችን መርተዋል። ሎኒ በ2012 የልብ ንቅለ ተከላ ተደረገላቸው፤ በ2015 ቲቤት ውስጥ ጉሊያ ግግር በረዶ ላይ ነበሩ።

ለእኛ አካባቢ ሰው ትልቁ ነገር የ2000ው የኪሊማንጃሮ ሥራ ነው። ስድስት ዘንግ ወጣ። በ2002 የታተመው ውጤት በረዶው 11,700 ዓመት ገደማ እንዳስቆጠረ፣ ከ4,000 ዓመት በፊትም ከባድ ድርቅ ያመጣው የአቧራ ንብርብር እንዳለበት ገለጸ። ከዚያ ቀደም ምሥራቅ አፍሪካ እርጥብ ነበረች፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ የነበሩበት ዘመን ነው።

ጽሑፉ በረዶው ከ2015 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ያልቃል ብሎ ነበር። ዛሬም ጥቂት አለ። ቀኑ ባይሰምርም አቅጣጫው ልክ ነበር፦ ከ1912 እስከ 2007 ድረስ 85 በመቶው ጠፍቷል። የመጥፋቱ ምክንያት ላይ ግን ክርክር አለ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ከሙቀቱ ይልቅ የአየሩን መድረቅና የበረዶ ዝናብ መቀነስን ያስቀድማሉ። የበረዶው ዕድሜ ላይም የማይስማሙ አሉ።

በ2010 ቡድኑ ኢንዶኔዥያ ፓፑዋ ውስጥ ካለው ተራራ አናት ላይ በረዶ አውጥቷል። እዚያ ላይ የቀረው አሁን እጅግ ጥቂት ነው።

ጉብኝት በቡድን ሆኖ፣ አስቀድሞ ቀጠሮ ተይዞ ነው። ፍሪዘሩ ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ቢሆንም በሐምሌም ቢሆን ለልጆቹ ጃኬት ያዙላቸው፤ የኪሊማንጃሮው ዘንግ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለም ጠይቁ።