ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፦ የድግ ነገርና የፊላደልፊያ ሽንፈት

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ ባሕር ዳር ጭስ ለብሳ ነበር። በ1911 ዓ.ም. አገር ምድሩን የፈጀው የኅዳር በሽታ የሚታሰብበት፣ በየደጁ ቆሻሻ የሚቃጠልበት፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ቀን ነው። እኛ ጭሱን ሸሽተን ጣና ዳር ካለች አንዲት ምግብ ቤት ተቀምጠናል። የተጠበሰ ቆሮሶ አዝዘን እስኪደርስ ስለ አሜሪካ ቅርጫት ኳስ እንጨቃጨቃለን። ሌሊቱን፣ በእኛ አቆጣጠር ከ10 ሰዓት ጀምሮ፣ ፊላደልፊያ በሜምፊስ ተሸንፎ አድሯል። ከ14 ጨዋታ 12ኛው ሽንፈቱ ነበር።

ፊላደልፊያ የተናቀ ቡድን አይደለም። ጆኤል ኢምቢድና ታይሪስ ማክሲ በነበሩበት ላይ በዚያው ክረምት ፖል ጆርጅን በአራት ዓመት ወደ 212 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ውል አምጥቶ ነበር። ዋንጫ ይወስዳሉ ከተባሉት አንዱም እርሱ ነበር። ከመካከላችን የሒሳብ መምህሩ የፊላደልፊያ ደጋፊ ነው፤ የባጃጅ ሹፌሩ ደግሞ ከኮቤ ብራያንት ዘመን ጀምሮ የሎስ አንጀለሱን ሌከርስን እንጂ ሌላ አያውቅም።

ሹፌሩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና «አልነገርኩህም? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!» አለ።

«ገና 68 ጨዋታ ቀርቶ?» አለ መምህሩ።

«ድጉ የተፈታበት ሰው ስንት ሜትር እንደ ቀረው አይቆጥርም።»

አጠገባችን ለብቻቸው ሻይ የሚጠጡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት ከጣሊያን በተገኘ የጦርነት ካሳ በተሠራው በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ስለ ቅርጫት ኳስ የሚያውቁት ረጃጅም ሰዎች የሚጫወቱት መሆኑን ብቻ ነው፤ ስለ ጨርቅ ግን ማንም አይቀድማቸውም። ወንበራቸውን ወደ እኛ አዞሩና «ለመሆኑ ከእናንተ መካከል ድግ ታጥቆ የሚያውቅ አለ?» አሉ። አንዳችንም ታጥቀን አናውቅም። ተረቱን እንደ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ስናስተላልፈው ኖረናል እንጂ በላዩ ላይ የተቀረጸውን አይተነው አናውቅም ማለት ነው።

ድግ ከጥጥ የሚሸመን ረጅም መታጠቂያ ነው። የገጠር ሰው ከእጀ ጠባቡ በላይ ወገቡ ላይ ይጠመጥመዋል። ጋሼ እንዳጫወቱን አባታቸው ድግ ሲታጠቁ አንደኛውን ጫፍ ልጅ ይይዝላቸዋል፤ እርሳቸው ጨርቁን ወጥረው በቀስታ እየዞሩ ወደ ልጁ ይመጣሉ። ዙሩ በዙሩ ላይ እየተደረበ ይጠብቃል፣ የመጨረሻው ጫፍ ከውስጥ ይወተፋል። ልጁ ካላገዘ ወይም ጨርቁ ካልተወጠረ ዙሩ ይላላል። የሚላላው ግን በዚያው ሰዓት አይደለም። «ቁጭ ላለ ሰው ማንኛውም ድግ ይጠብቃል» አሉ ጋሼ፤ «የሚያጋልጠው ሩጫው ነው።»

የተረቱ መነሻ ይህ ነው። በአንድ መንደር እሪታ ተሰማ እንበል፤ ሌባ ከብት ነድቷል፣ ወይም እሳት ተነሥቷል። አንዱ ድጉን ከተሰቀለበት መንጭቆ ወጣ፤ ወገቡ ላይ እየጠመጠመ ይሮጣል። ያን ጊዜ የሚወጥርለት የለም፤ እጁም ዓይኑም ሌላ ቦታ ናቸው። ጥቂት እንደ ሄደ ጫፉ ከውትፈቱ ይወጣል፣ ዙሩ ይለቃል፣ ያ ሁሉ ጨርቅ እግሩ ሥር ይገባል። ስናወራው የምንረሳው ይህን የመጨረሻውን ነው። ድግ ሲፈታ ወገብን ባዶ አድርጎ ብቻ አይቀርም፤ ጠልፎ ይጥላል። ለማጥበቂያ የተያዘው ነገር ራሱ መሰናክል ይሆናል፤ ያውም እግር ከሁሉ ይልቅ በሚፈለግበት ሰዓት።

ቃላቱም ከጨርቁ አይርቁም። ታጠቀ ስንል ወገቡን አሰረ፣ መሣሪያ ያዘ፣ ለሥራ ተነሣ ማለታችን ነው፤ ጦር የሚፈታውም ትጥቅን ነው። ፈታ ደግሞ የአማርኛ ትልቅ ጎተራ ነው፦ ቋጠሮ ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ትዳርም ይፈታል። ተረቱ በችኮላ በተደገሰ ሰርግ ማግሥት የሚጠቀሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ «ይፈታል» የሚለው ቃል እዚያ ላይ ያለ ማብራሪያ ይሠራል። በመጽሐፈ ነገሥትም ሁለቱ ቃላት አብረው አሉ። የእስራኤል ንጉሥ ገና ሳይዋጋ ለሚፎክረው ለሶርያው ንጉሥ የላከው መልእክት፣ የሚታጠቅ ሰው እንደሚፈታ ሰው አይመካ የሚል ነው። መታጠቅ የጦርነቱ መጀመሪያ፣ መፍታት መጨረሻው መሆኑ ነው። ክረምቱን ሙሉ «ዋንጫው የእኛ ነው» ሲል ለከረመ ደጋፊ ይህ ቢላክለት አይበዛበትም። በዚያው መጽሐፍ ኤልያስ አክዓብን ቀድሞ እስከ ኢይዝራኤል ሲሮጥ፣ መጀመሪያ ወገቡን አጠበቀ፣ ከዚያ ሮጠ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ወደ ፊላደልፊያ እንመለስ። መምህሩ የተከራከረው እንዲህ ብሎ ነበር፦ ኢምቢድ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ጨዋታዎች አልተሰለፈም፣ ጆርጅም ውድድሩ ሲጀመር ተጎድቶ ነበር፣ ማክሲም ጡንቻውን ታሞ ወጥቷል። ያልተጠመጠመ ድግ እንዴት ይፈታል? ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ሳቀና «የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ በል እንጂ!» አለው።

ይህም ሌላ የመታጠቂያ ተረት ነው። መቀነት የሴት መታጠቂያ ነው፤ ስሙ የመጣው ቀነተ፣ ማለት ታጠቀ፣ ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው። እናት ያላትን ሳንቲም የምትቋጥረው በጫፉ ነው። እናት የታጠቀችው መቀነት ልጇን ሊያደናቅፈው አይችልም፤ ስለዚህ አባባሉ ሰበብ ፍለጋን መዝለፊያ ሆኗል። ሁለቱን ተረቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ደስ ይለኛል። በመጀመሪያው ሰውየው በራሱ መታጠቂያ ይወድቃል፤ በሁለተኛው በራሱ ወድቆ በሌላ ሰው መታጠቂያ ያሳብባል።

በእኔ ፍርድ በዚያን ቀን ሹፌሩ ተሳስቶ ነበር። ጉዳት ሰበብ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ የማይሆንበትም አለ። ኢምቢድ ዓመቱን ሙሉ የተጫወተው 19 ጨዋታ፣ ጆርጅ ደግሞ 41 ነው፤ ቡድኑም 24 አሸንፎ 58 ተሸንፎ ጨረሰ። ይህ የታመመ ሰው ሩጫ ነው እንጂ የችኮላ ትጥቅ አይደለም። ለተሸነፈ ሁሉ ይህን ተረት የሚያነሣ ሰው፣ ለራስ ምታትም ለስብራትም አንድ ሥር እንደሚቀጠቅጥ ባለ መድኃኒት ነው።

ተረቱ ልክ በልኩ የሚገጥመው ቡድን የሹፌሩ የራሱ ቡድን ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ሌከርስ ስቲቭ ናሽንና ድዋይት ሃዋርድን በአንድ ክረምት አምጥቶ ከኮቤና ከፓው ጋሶል ጋር አሰለፈ። ሃዋርድ በሚያዝያ ወር ጀርባውን በቀዶ ሕክምና ታክሞ ገና ማገገሙ ነበር። አሰልጣኙ ማይክ ብራውን ደግሞ ለእነዚህ ሰዎች አዲስ የሆነ የማጥቃት ሥርዓት ይዞ መጣ። ስምንቱንም የዝግጅት ጨዋታዎች ተሸነፉ፤ ናሽ በሁለተኛው የውድድር ጨዋታ እግሩ ተሰበረ። አምስት ጨዋታ ተጫውተው አራቱን ሲሸነፉ ብራውን ተባረረ፤ ቡድኑን ለጊዜው በርኒ ቢከርስታፍ ያዘው፣ ቀጥሎ ማይክ ዳንቶኒ ከሌላ ሥርዓት ጋር ተተካ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ሰው፤ ሁሉም በሩጫ ላይ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ከተማ ተቀምጠን «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ያልነው ያን ጊዜ ነው። ሌከርስ 45 አሸንፎ በሰባተኛ ደረጃ ወደ ጥሎ ማለፉ ቢገባም፣ ኮቤ ተረከዙ ላይ ያለው ጅማት ተበጥሶ ስለ ነበር ያለ እርሱ በሳን አንቶኒዮ አራት ለባዶ ተጠረገ። ሃዋርድም በክረምቱ ጥሎ ሄደ። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ዓሣውን አቀረቀረበት፤ ከዐሥር ዓመት በላይ አልፎታል፣ አሁንም አልተወውም።

መምህሩ ግን ለእኔም ያልተመቸኝ ጥያቄ ነበረው። ማያሚስ? በአውሮፓውያኑ 2010 ሌብሮን ጄምስና ክሪስ ቦሽ ከድዋይን ዌድ ጋር በአንድ ክረምት ተሰበሰቡ። ከዚያ የባሰ ችኮላ የለም። መጀመሪያቸውም ዘጠኝ አሸንፈው ስምንት የተሸነፉበት ነበር፤ አሰልጣኙ ኤሪክ ስፖልስትራ ይባረር ያልተባለበት ቀን አልነበረም። ሆኖም አልተባረረም። ቡድኑም ከዚያ በኋላ ከ22 ጨዋታ 21ዱን አሸነፈ፣ እስከ ፍጻሜው ደረሰ። ታዲያ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ጠበቀ?

ሹፌሩ ለመመለስ አፉን ሲከፍት ጋሼ ቀደሙትና «በመጨረሻ ማን አሸነፈ?» ብለው ጠየቁ።

«ዳላስ፣ አራት ለሁለት።»

«ዳላስስ መቼ ነው የታጠቀው?»

ይህ ጥያቄ ከአንድም የስፖርት ተንታኝ አልሰማሁትም። የዳላሱ ዲርክ ኖቪትስኪ በዚያ ቡድን ውስጥ ከ1998 ጀምሮ ነበር። በ2006 ለዚያው ዋንጫ በዚያው በማያሚ ተሸንፏል። ድጉ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲጠመጠም የቆየ ሰው ነው። ማያሚ ዋንጫውን የወሰደው በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት፣ በ2012ና በ2013 ነው፤ አብረው አንድ ዓመት ከተሸነፉ በኋላ።

ተረቱ የማይለውን ነገር ደግሞ ልብ ማለት ይገባል። ይፈታል እንጂ ይጣል አይልም። የጋሼ አባት ድጋቸው በመንገድ ሲላላ ቆም ብለው፣ ዛፍም ቢሆን ጫፉን አስይዘው፣ እንደ ገና ይጠመጥሙት ነበር። የደጋፊ ጠባይ ግን በአምስተኛው ጨዋታ ድጉንም ባለ ድጉንም ወደ ገደል መወርወር ነው። ጥቅምት ላይ አበባ አይቶ ማር የሚቆጥር፣ ኅዳር ላይ ቀፎውን የሚያቃጥል ሕዝብ ነን። የውድድሩ 82 ጨዋታ ለምን እንደ ተሠራ ይጠፋናል።

ፊላደልፊያ በወደቀበት በዚያው ዓመት ለዚህ ምስክር የሆነው ኢንዲያና ነው። በኅዳር መጨረሻ ቡድኑ ከ25 ጨዋታ ያሸነፈው 10 ብቻ ነበር። ማንም አላዘነለትም፤ በእኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ስሙ እንኳን ሲነሣ አላስታውስም። ግን ከአንድ ዓመት በፊት እስከ ምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ ደርሶ የነበረው ቡድን ራሱ ነበር፤ ታይሪስ ሃሊበርተን፣ ፓስካል ሲያካምና ማይልስ ተርነር አብረው አሉ። አሰልጣኙ ሪክ ካርላይል ደግሞ በ2011 ከኖቪትስኪ ጋር ማያሚን ያሸነፈው ሰው ነው። ሹፌሩ በኋላ ሲያካም የመጣው በውድድር መካከል መሆኑን ጠቅሶ ተሟግቷል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ሙሉ ክረምት አልፏል፣ ጨርቁ የሚወጠርበት ጊዜ ነበረ። ኢንዲያና 50 አሸንፎ ጨረሰ፤ በመጀመሪያው ዙር እንደ ፊላደልፊያ በክፉ የጀመረውን ሚልዋኪን አራት ለአንድ አሰናበተ፤ እስከ ፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ደርሶ በኦክላሆማ ተሸነፈ።

ሰባተኛው ጨዋታ በእኛ ሰኔ 16 ሌሊት ነበር። በማግሥቱ ጠዋት እዚያችው ምግብ ቤት ተገናኘን። የሰኔ ጾም ስለ ነበር ሻይና ዳቦ ብቻ ቀረበ፤ ዝናቡ ጣናን አጨልሞታል። ሹፌሩ ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅምና ስለ ፊላደልፊያ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወደ ዲትሮይት ዞረ። ዲትሮይት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በተከታታይ 28 ጨዋታ ተሸንፎ በአንድ የውድድር ዓመት ማንም ያልደረሰበትን ክፉ ታሪክ ያስመዘገበ፣ 14 ብቻ አሸንፎ የጨረሰ ቡድን ነው።

«ያ ነው ሲሮጡ መታጠቅ ማለት» አለ ሹፌሩ።

ጋሼ ስለ ቡድኑ አንዳንድ ነገር ጠየቁ፦ ተጫዋቾቹ ስንት ዓመታቸው ነው፣ ዋንጫ ይወስዳል ብሎ የጠበቀው ሰው ነበር ወይ? መልሱን ከሰሙ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያልታጠቀ ሰው ምኑ ይፈታል? እነዚህ ራቁታቸውን ነው የሮጡት።»

«ታዲያ ዘንድሮ እነዚያው ልጆች 44 ሲያሸንፉስ? አሰልጣኝ ለወጡ፤ ያውም ሌከርስን ለጊዜው የያዘውን የቢከርስታፍን ልጅ ነው ያመጡት!»

ጋሼ ዳቦውን ሻዩ ውስጥ ነከሩ። «ጫፉን የሚይዝ ሰው አገኙዋ» አሉ።