በስክሪን ላይ የሚዞሩ የመቆጣጠሪያ ቁልፎች ንድፍ

የራዲዮን ድምፅ ከፍና ዝቅ የምናደርግበት ክብ ቁልፍ ወደ ኮምፒውተር ስክሪን ሲገባ ትልቁን ሀብቱን አጥቷል፤ ጣት አይጨብጠውም። እውነተኛው ቁልፍ በሁለት ጣቶች መካከል ይያዛል፣ ክብደቱና ተቃውሞው ይሰማል፣ ዳር ሲደርስም ራሱ ይቆማል። የስክሪኑ ቁልፍ ግን ሥዕል ነው። የሚነካው በማውስ ጠቋሚ ወይም በአንድ ጣት ጫፍ ነው። ንድፉን የሚያስቸግሩት ነገሮች በአብዛኛው የሚመነጩት ከዚህ እጦት ነው።

ይህን ዓይነቱን ዟሪ ቁልፍ በብዛት የምናገኘው በሙዚቃና በድምፅ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች ነው፤ በመብራት መቆጣጠሪያዎች፣ በፊልም ቀለም ማስተካከያዎችና በመለኪያ መሣሪያዎች ገጽ ላይም ይታያል። በሙዚቃው ዘርፍ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የሙዚቃ ሶፍትዌር ኩባንያው ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1996 ቪኤስቲ የተባለውን የተሰኪ ሶፍትዌሮች (በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ገብተው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ደንብ ካወጣ በኋላ፣ የስቱዲዮ መሣሪያዎች ቁልፎቻቸውን እንደያዙ ወደ ስክሪን ገቡ። ቁልፉ በቀጥተኛ ተንሸራታች መቆጣጠሪያ ላይ ያለው ብልጫ ቦታ አለመፍጀቱ ነው። ተንሸራታች ረጅም መስመር ይፈልጋል፤ ዟሪ ቁልፍ ግን በጠባብ ካሬ ውስጥ ይበቃዋል። ሃያ ቁልፎች ተደርድረው እንኳ የጠቋሚ መስመሮቻቸው አቅጣጫ በአንድ እይታ ይነበባል።

ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ክብ አይዞርም። ከታች በስተግራ ተነሥቶ በላይ በኩል አልፎ ከታች በስተቀኝ ይቆማል፤ ጠቅላላ ዙሩ ከ270 እስከ 300 ዲግሪ ያህል ነው። ልማዱ የመጣው ከኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ነው፤ ከታች የሚቀረው ክፍተት ግን በስክሪንም ላይ ይጠቅማል፤ መነሻውንና መድረሻውን ለዓይን ይለያል።

ዋናው ጥያቄ የእጅ እንቅስቃሴ እንዴት ይተርጎም የሚለው ነው። መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መንገድ ጠቋሚው በቁልፉ ዙሪያ በክብ እንዲዞር ማድረግ ነው። የተፈጥሮ ቢመስልም በማውስ ክብ መሣል አድካሚ ነው። ወደ መሐል ሲጠጉ ትንሽ ንቅናቄ ትልቅ ማዕዘን ትሆናለች፤ ንድፍ አውጪው ካልከለከለም ጠቋሚው የታችኛውን ክፍተት ሲሻገር ዋጋው ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው በአንድ ጊዜ ይዘላል። በድምፅ መጠን ቁልፍ ላይ ይህ ጆሮን የሚጎዳ ስሕተት ነው። ስለዚህ ብዙ ሶፍትዌሮች ቀጥታ መጎተትን መርጠዋል፤ ተጭኖ ወደ ላይ መሳብ ይጨምራል፣ ወደ ታች መሳብ ይቀንሳል። ሥዕሉ ይዞራል፣ እጅ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለአዲስ ተጠቃሚ ለጥቂት ደቂቃ እንግዳ ይሆንበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ትክክለኛነት ግን ችግሩን ይክሳል። ምርጫውን ለተጠቃሚው መተው መልካም ነው፤ መነሻው ግን ቀጥታ መጎተት ይሁን እላለሁ።

ከመልክ ይልቅ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የቁጥሩ አከፋፈል ነው። የድምፅን ቅጥነትና ውፍረት የሚቆጣጠር ቁልፍ እንውሰድ፤ የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) ያህል ይሰማል። ይህ ስፋት በ200 ፒክሰል (የስክሪን ነጥብ) ጉተታ ላይ በእኩል ቢከፋፈል እያንዳንዱ ፒክሰል 100 ኸርዝ ገደማ ይይዛል፤ የመጀመሪያዋ ፒክሰል ብቻ ከ20 ወደ 120 ትዘላለች፣ የወፍራም ድምፆች ዓለም በአንዲት ንቅናቄ ያልፋል። በሎጋሪዝም፣ ማለትም እኩል ርቀት እኩል እጥፍ እንዲሆን፣ ሲከፋፈል ግን አሥሩ ኦክታቮች (ኦክታቭ ንዝረቱ እጥፍ የሚሆንበት ርቀት ነው) እያንዳንዳቸው 20 ፒክሰል ያህል ይደርሳቸዋል፤ የቁልፉ መሐልም 10,010 መሆኑ ቀርቶ 632 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። ጆሮ የሚያውቀው መሐል ይህ ነው። እጅግ ያማረ ቁልፍ አከፋፈሉ ከተበላሸ አይጠቅምም፤ ተራ ክብና አንድ መስመር ብቻ ያለው ግን አከፋፈሉ ከሠመረ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

የእርምጃው ብዛትም እንዲሁ ይታሰብበታል። የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች በሚነጋገሩበት በሚዲ ደንብ የተለመደው መቆጣጠሪያ መልእክት ከ0 እስከ 127 ድረስ 128 ደረጃዎች አሉት። ለድምፅ መጠን ይበቃ ይሆናል፤ አሥር ኦክታቭ ለሚሸፍን ማጣሪያ (የድምፁን ከፊል ክልል የሚቀንስ መሣሪያ) ግን እያንዳንዱ ደረጃ ወደ ግማሽ ድምፅ (የኦክታቭ አንድ አሥራ ሁለተኛ) የሚጠጋ ዝላይ ነው፣ ጆሮም ደረጃውን ይሰማል። ስለዚህ በሶፍትዌሩ ውስጥ ዋጋው ከ0 እስከ 1 ባለ አስርዮሽ ቁጥር ይያዛል፤ ቪኤስቲም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ሺፍትን ተጭኖ በዝግታ ማስተካከል፣ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ ወደ መነሻ ዋጋ መመለስ፣ ቁጥሩን በቀጥታ መጻፍ፦ እነዚህ ከሌሉ ቁልፉ ጎደሎ ነው።

እንደ ፍላጎት የሚለወጥ ቁልፍ ሲሠራ ዋጋው ከሥዕሉ መለየት አለበት። ቀለም፣ የመነሻና የመድረሻ ማዕዘን፣ የምልክቶች ብዛት፣ የመለኪያ አሃድ ሁሉም ከውጭ የሚሰጡ ይሁኑ። ዋጋውን የሚያሳየው የቀለም ሙሌት ከየት እንደሚነሣም መወሰን ይኖርበታል፤ ድምፅን ወደ ግራና ቀኝ የሚያካፍል ቁልፍ ሙሌቱ ከመሐል ካልጀመረ ተጠቃሚውን ያሳስታል። ለመልኩ ሁለት መንገዶች ተለምደዋል። አንደኛው ኖብማንን በመሰሉ ፕሮግራሞች የሚዘጋጅ የምስል ጥቅል ነው፤ ቁልፉ በየማዕዘኑ ተሥሎ ይደረደራል፣ ሶፍትዌሩም ተገቢውን ምስል ያወጣል። ጥላውና ብረቱ ያምራሉ፤ ሲጎላ ግን ይደበዝዛል፣ ቀለም ለመቀየርም ሁሉንም እንደገና ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ሁለተኛው በቬክተር፣ ማለትም በመስመርና በቅርጽ ቀመር፣ እየተሠላ የሚሣለው ነው። ለማበጀት የሚመቸው ይህ ነው።

በንክኪ ስክሪን ላይ ጣት ራሱ ቁልፉን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከጣት በላይ ብቅ ማለት አለበት። መጎተት ለማይችሉ ሰዎችም መንገድ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.2 በመጎተት የሚሠራ ተግባር ያለ መጎተትም እንዲቻል ይጠይቃል። የመጨመሪያና የመቀነሻ ምልክቶች ይህን ያሟላሉ፤ የቀስት ቁልፎች ደግሞ በኪቦርድ ለሚሠሩት ይደርሱላቸዋል። ስክሪን አንባቢ ለሚጠቀም ዓይነ ስውር የድምፅ ባለሙያ ቁልፉ መናገር ያለበት ዜሮ ነጥብ አራት ሁለት ብሎ አይደለም፤ ስሙንና «ከዜሮ በታች ስድስት ዴሲቤል» ብሎ ነው።